ሁለት ቦታ የዘለልኩት

ይህ የደረሰብኝ ከሚሊኒየሙ በኋላ በሦስተኛው ዓመት፣ በሁዳዴ ጾም ነው። ልጄ የኮምፒዩተር ሥራዋን ስታቃና አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እሷ ረስታው ይሆናል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም የለኝም።

ፊደል የቆጠርኩት ሠላሳ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ዛሬም የማነበው በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ልጄ ዘነበች ግን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ኮምፒዩተር ነው የምትማረው ሲሉኝ ደስ አላለኝም። ነርስ ብትሆን ለአገሬው ትተርፍ ነበር።

ልትመረቅ ሦስት ወር ሲቀራት ፊቷ ጠቁሮ መጣች። የመመረቂያ ሥራዋን መምህሩ መልሶባታል። በሳምንት ውስጥ ካላስተካከለች አትመረቅም። ቤታችን መብራት ስለሌለ መሐል ሜዳ ከተማ፣ ዘመዳችን ጌታነህ ልብስ የሚሰፋበት ሱቅ ጥግ ተቀመጠች። እኔም አብሬያት ሄድኩ።

«አያ ተሰማ፣ ዛሬ ደግሞ ኮምፒዩተር ልትሰፋ መጣህ?» አለኝ ጌታነህ።

«አንተ ሱሪዬን ካጣመምከው አይብስም» አልኩት።

ችግሩ ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ኢንተርኔት ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ አድራሻ አለው አለችኝ። አዲሱ ዓይነት አድራሻ ረጅም ነው፤ ስምንት ክፍል አለው፣ በየመሀሉ ሁለት ነጥብ ይገባል። ብዙውን ጊዜ ከክፍሎቹ አብዛኞቹ ዜሮ ናቸው። የእሷ ፕሮግራም ተከታትለው የመጡትን ዜሮዎች ዘልሎ፣ በቦታቸው ነጥቦቹን ብቻ ትቶ አሳጥሮ ይጽፋል። ማሳጠሩን ያሳጥራል። መልሶ ሲያረዝመው ግን አንዳንዱ የሌላ መሣሪያ አድራሻ ሆኖ ይወጣል።

መምህሩ በቀይ ያሰመረበትን ወረቀት ተቀብዬ ክፍል በክፍል በጣቴ ቆጠርኩ። ትክክል የተባሉት አንድ ቦታ ብቻ ተዘልለዋል። ቀይ ያረፈባቸው ሁሉ ሁለት ቦታ ተዘልለዋል።

«ዘነቡ፣ ድምሩ ሁልጊዜ ስምንት ነው?»

«ስምንት ነው አባባ።»

«እንግዲያ አንድ ቦታ ብትዘልዪ ከስምንት ቀንሰሽ የጠፋውን ታገኚዋለሽ። ሁለት ቦታ ከዘለልሽ ግን ከላይ ስንት፣ ከታች ስንት እንደጠፋ በምን ታውቂያለሽ? ዘር ስንቆጥርም እንዲሁ ነው።»

ወረቀቱን ደግማ አየችው። «ረጅሙን ብቻ ልዝለል፤ ሌላው ዜሮው እንዳለ ይጻፍ» አለችና ቁልፎቹን መምታት ጀመረች። ጌታነህ የያዘውን ሱሪ ሳይጨርስ ቀይ የተሰመረባቸው ሁሉ በትክክል ተመለሱ። ዘልላ ተነሥታ ጉልበቴን ሳመች።

«አባባ፣ ዘር ስትቆጥሩ እንዲህ ሲያጋጥም ምን ታደርጋላችሁ?»

ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላት።

ከዓመታት በፊት ታናሽ ወንድሜ ደምሴ፣ አስካለ የምትባል የጎረቤት ልጅ ሊያገባ ነበር። አባታችን ሞቶ ስለነበር ዘር የቆጠርኩት እኔ ነኝ። በእኛ አገር ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። መሬቱን ካቀናው አባት እስከ እኛ ስምንት ትውልድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ከመሀል ግን ሦስት ስም ጠፍቶብኝ ነበር። እኛና የአስካለ ቤት የምንገናኝበትን አያት ስሙን አውቃለሁ፤ ከጠፉት ውስጥ ስንቱ ከሱ በላይ፣ ስንቱ ከሱ በታች እንደሆኑ ግን አላውቅም። ሦስቱም ከበታቹ ከሆኑ ከሱ እስከ እኛ ሰባት ቤት ይሞላል፣ ይጋባሉ።

እኔ ሁለቱን ከላይ፣ አንዱን ከታች አደረግኩ። ሽማግሌዎቹ ፊት «አምስት ቤት ናቸው፤ እህቱ ናት» ብዬ ቆረጥኩ። በልጅቱ ወገን የሚቆጥር አዛውንት ስላልነበረ ቃሌን ተቀበሉ። ከአባቷ ጋር በማሳ ድንበር ተጣልተን ነበር። በዚያ ምክንያት አይደለም እያልኩ ኖሬያለሁ።

ደምሴ በሳምንቱ ወደ መርሐቤቴ ወረደ። ዛሬም እዚያው ዓለም ከተማ የሰው ግቢ ይጠብቃል። ሚስት አላገባም።

ልጄ መልስ እየጠበቀች ነበር።

«አላውቅም ይባላል» አልኳት። እኔ ግን አላልኩም።

ዘነበች ተመረቀች። ደምሴ መምጣት አልቻለም፤ በሰው እጅ ጋቢ ላከላት። «አጎቴ ደግ ነው» ብላ ለበሰችው። እኔ ከቤት ወጣሁ።

አሁን ዘር ቁጠር ተብዬ ስጠራ፣ ሁለት ቦታ ከጠፋብኝ አላውቅም ብዬ እነሣለሁ። አንዳንዱ አረጀ ይለኛል። ይበል። ለደምሴ ልነግረው ብዬ ሁለት ጊዜ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ደርሼ ተመልሻለሁ። ደምሴ ፊደል አልቆጠረም። ይህን ጽሑፍ ሌላ ሰው አንብቦለት፣ ከእኔ አፍ ሳይሰማው እንዳያውቀው እፈራለሁ። እየፈራሁም ጻፍኩት።