ከርከዴ በጎማ ቱቦ

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ደረቴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብቶ የልቤን ምት በመሣሪያው ሲያሰማኝ፣ ሽው ሽው የሚለው ድምፅ ሳላስበው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ወሰደኝ፤ በልጅነቴ ከደርግ ሸሽተን ወደ ተከራየንበት ግቢ። እዚያ እውነተኛ አገሩን የሚናገር እንደ ጅል ይታይ ነበር። የአርማጭሆው ሰው መተማ ተወለድኩ ይላል፣ የመተማው ደግሞ ጎጃም፤ ሊጥ እየተበዳደርን ስማችንን እንደባበቅ ነበር።

አንድ መሐንዲስ ኸሽም ኤል ቂርባ በሚባል የሱዳን ከተማ የመስኖ ፓምፕ ሲጠግን ከርሞ መጣና ጎናችን ያለችውን ክፍል ተከራየ። ጥያቄ ይወዳል፤ በዚያ ዘመን ጥያቄ የሚወድ ሰው ጆሮ ጠቢ ነው። አባቴ ገና በመጀመሪያው ቀን «የዚህ ሰውዬ ነገር የጤና አይመስለኝም» አለ።

እናቴ ያኔ እግሯ አብጦ፣ ትንፋሿ እያጠራት፣ ተቀምጣ ነበር የምታድር። መሐንዲሱ አንድ ጠዋት አስፈቅዶ በጎማ ቱቦ ደረቷን አዳመጠና ሄደ፤ ከሰዓት በኋላ ውስጡ የሚታይ ቱቦ፣ የእጅ ፓምፕና አንድ ጣሳ ከርከዴ፣ ያን ሱዳኖች የሚጠጡትን ቀይ የአበባ ውሃ፣ ይዞ ተመለሰ። ከርከዴው ደም፣ ፓምፑ ልብ መሆኑ ነው። ከብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ ቱቦው ውስጥ የገጠማት ክዳን ደህና ስትሆን ቀዩ ውሃ ወደፊት ይሄዳል፤ ጠርዟን ቀደድ ሲያደርጋት ወደ ኋላ እየተመለሰ ይንተከተካል።

«ልብሽ እንዲህ የሚያፈስ ይመስለኛል፣ እህቴ» አላት። «ክዳኑ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በልጅነት በሽታ ነው። መገጣጠሚያሽ እያበጠ ያተኩስሽ ነበር? የት ነው ያደግሽው? ካርቱም የማውቀው የልብ ሐኪም አለ፤ እኔ አደርስሻለሁ።»

እናቴ አባቴን አየች። ያተኩሳት ነበር፤ ዳባት ሳለች ወንድሟ አዝሎ ጠበል ይወስዳት ነበር። ግን ያ ወንድሟ ጫካ ገብቶ ደርግ እየፈለገው ነው፣ ዳባት ካለች የእሱም ነገር መነሳቱ አይቀርም። አባቴ ቀደማትና «መተማ ነው ያደገችው፤ ከዚህ በፊት ራሷን እንኳ አሟት አያውቅም» አለ።

አባቴ መሐንዲሱ ሲወጣ ጠብቆ «አገሯ ከልቧ ጋር ምን አገናኘው? ካርቱም ወስዶ ለደርግ ሰዎች ሊያስረክበን ነው» አለን። በነጋታው ሎሪ ላይ ጭኖ ሀዋታ የሚባል ሌላ የሱዳን ከተማ አወረደን። እናቴ እዚያ፣ ሰሊጡ ሳይታጨድ አረፈች። እስከ ዛሬ ትናፍቀኛለች።

መሐንዲሱ ማን እንደነበረ አላወቅሁም፤ በዚያ ግቢ ያደገ ሰው ስለ ሌላ ሰው አይምልም። አባቴ ግን ማንም ሳይጠይቀው «ሰላይ ነበር» እያለ አረጀ። ካልነበረማ እናቴን የገደላት የእኛ ጥርጣሬ ሊሆን ነው።

መጨረሻ ላይ፣ ዓይኑ ከደከመ ወዲህ፣ እጄን ያዘና «ሰላይ ነበር፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ አባባ» አልኩት፤ «ሰላይ ነበር።»