አባቴ ድምፁን ዝቅ ያደረገበት ዓመት

አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍና መስኮት ሲንቀጠቀጥ ስሰማ፣ ዛሬም በስደት አገር፣ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ዋይትሆል በምትባል ከተማ የነበረችው አፓርታማችን ትመጣብኛለች። በዚያ ሁሉ ጉርምርምታ ቅንድቧን የማታነቃንቀው እናቴ፣ አባቴ ብርጭቆውን ጠንከር አድርጎ ሲያስቀምጥ ግን ክው ትል ነበር።

ነገሩ እንደ ፈረንጆቹ በሰማንያዎቹ ነው። እናቴ ሶሻል ወርከር ነበረች፤ ከሚደበድቧቸው ባሎች የሸሹ ሴቶች ከነልጆቻቸው በሚጠለሉበት ቤት ትሠራ ነበር። ቤቱ የት እንደሆነ ለማንም አይነገርም፣ ለአባቴም ቢሆን። በረዶ ሲጀምር ጫማዋን አራግፋ ትገባና፣ በሩን ቆልፋ፣ መልሳ ነካክታ አረጋግጣ፣ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ትቀመጥ ነበር። አባቴ ደግሞ ሲበዛ ጯሂ ሰው ነበር፤ እሱ ሲጫወት ጎረቤታችን ግድግዳውን ይመታ ነበር።

በረዶው ቀልጦ፣ ፋሲካም እንዳለፈ፣ ጋሼ ታዬ የሚባል የአባቴ ወዳጅ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ጥላው ሄዳ ነበር።

«ወይዘሮ አልማዝ፣ ያለችበትን ብቻ ይንገሩን፤ እናስታርቃቸዋለን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ።

«እኛ ጋ ትኑር አትኑር አልናገርም አባቴ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች እናቴ።

አባቴ አፈረ። ሽማግሌ ቤቱ ድረስ መጥቶ እንዲህ ሊመለስ! «አንቺ ሴት፣ ሽማግሌ እኮ ነው የመጣው! ተናገሪ!» ብሎ ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ።

እናቴ ፊቷን በክንዷ ሸፈነች።

አባቴ አንድ ቀን እንኳ እጁን አንስቶባት አያውቅም። እጁን አየት አድርጎ ኪሱ ከተተና፣ ቀስ ብሎ «ተነሡ አባቶቼ፣ የት እንዳለች አንጠይቅም። እርቅ ከፈለገች ራሷ ታስጠራናለች» አለ። ጋሼ ታዬ ቀና ብሎ ሳያየን ወጣ።

ሸኝቷቸው ሲመለስ እናቴ ታለቅስ ነበር።

«አንተን ፈርቼ አይደለም» አለችው።

«አውቃለሁ» አላት።

ሙቀቱ ገብቶ መስኮት ሁሉ ሲከፈት፣ ከየቤቱ ጫጫታ ሲሰማ ከእኛ ቤት አይሰማም ነበር። አባቴ በር ከመክፈቱ በፊት «እኔ ነኝ» ማለት ጀመረ፤ ሲስቅም አፉን በእጁ ይይዝ ነበር። እኔ የተቀየመ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ካረፈ ቆየ። እናቴ አርጅታ ከእኔ ጋር ናት፣ የልጅ ልጆቼም ቤቱን በጩኸት ይሞሉታል። ያኔ የምትደነግጠው እሷ ነበረች፤ ዛሬ «ቀስ በሉ» እያልኩ የምቆጣው እኔ ነኝ።

«ተዋቸው ልጄ፣ ይጩኹ» ትለኛለች። «አባትህ ለእኔ ሲል ዝም ያለው ይበቃል።»