ስድስት ሰዓት ላይ የሚወርደው እጀታ

ባለፈው ዓርብ ልጄ ነጃት ኮምፒውተሯን እየሠራ ትታው ገላዋን ልትታጠብ ገባች። የግንቦት ሙቀት ነው፤ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ሳሎናችን ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ስለሆነ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀልኩና ማራገቢያውን ሰካሁ። እግሬን ዘርግቼ ነፋሱን ስቀበል ነጃት ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ወጣች፤ የጠቆረውን ስክሪን አይታ ጮኸች።

«ያ አላህ! እየጫነ ነበር እኮ! ማነው ገመዱን የነቀለው?»

ከዚያ የኔን መልስ ሳትጠብቅ ወደ ጓዳ ዞረች። «አባባ! አንተ ነህ አይደል?»

ባለቤቴ ጫቱን ይዞ ትራሱ ላይ እንደተደገፈ፣ «ወሪያ፣ እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ አቦ?» አለ።

ነጃት ገመዱን መልሳ ሰካችው። ኮምፒውተሩ በጥቁር ላይ ነጭ ፊደል እየደረደረ ቆመ። እሷ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ኮምፒውተር ነው ሥራዋ፤ የምትጠቀመውም ሊኑክስ የሚሉትን የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ፕሮግራሞቹ ፓኬጅ እየሆኑ ይገባሉ፤ አንዱ ሌላውን ተደግፎ ነው የሚቆመው። መሃል ላይ ከተቋረጠ አዲሱም አይገባ፣ አሮጌውም አይሠራ። «ጭራሽ ባይገባ ይሻል ነበር» አለች እያጉረመረመች፣ «ክፉው ግማሽ የገባው ነው።»

ደነገጥኩ። ይህንን ነገር ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ፤ ያኔም ያጠፋሁት እኔ ነበርኩ።

በደርግ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ነው። ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ፣ ከሐዲዱ ማዶ በነበረ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ቢሮ ውስጥ በጽዳት ተቀጥሬ ነበር። ሰው ስሜን ሲጠራኝ ሻሼን ወደ አፌ የምስብ ልጅ ነበርኩ። እናቴ መጋላ ገበያ ሳምቡሳ ትሸጥ ነበርና፣ «አንቺ ገበያ ብትወጪ ሳምቡሳው ከነዘይቱ ይበርድ ነበር» ትለኝ ነበር። ቢሮው ተስማምቶኝ ነበር። መጥረጊያና ወለል ከሰው ጋር ንግግር አይፈልጉም።

ድሬ ላይ እኩለ ቀን ማለት ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ይዘጋል። ሰው ምሳውን በልቶ፣ ጥላ ፈልጎ ይጋደማል፤ ሥራ የሚመለሰው ዘጠኝ ሰዓት ነው። በፋብሪካው ቢሮ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሥርዓት ነበር። ኮሪዶሩ ላይ፣ ከመብራት ሳጥኑ አጠገብ፣ በጽሕፈት መኪና የተመታ ወረቀት ተለጥፏል፦ ኃይል ለመቆጠብ ሲባል የቢሮው መብራት በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እንዲጠፋ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲበራ። ከሥሩ የፈረመው የፋብሪካው የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ደምሴ ነው። እጀታውን ማውረድና ማንሳት የኔ ሥራ ነበር። ሁሉም ከወጣ በኋላ አወርደዋለሁ፤ ማራገቢያዎቹ እየዘገዩ፣ እየዘገዩ ይቆማሉ። ያንን ፀጥታ እወደው ነበር።

በዚያ ሰሞን ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ኮምፒውተር መጣ። በባቡር፣ በጭድ ተሞልቶ፣ እንደ ሙሽራ በሁለት ሰው ተደግፎ ነው የወረደው። አብሮት ሰለሞን የሚባል ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ቀጭን፣ መነጽሩ በላብ የሚንሸራተትበት ልጅ ነበር። የኛ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ሲል በመጀመሪያው ቀን ግራ ገብቶት ነበር። ዘበኛው እንኳ፣ «ሶሎ፣ ና እስቲ ይህን ጣፋጭ ሙሸበክ ቅመስ፣ ጠውልገሃል» ሲለው መሳቁንና መቆጣቱን ሳይለይ ቀረ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰለሞን፣ ካሴት በሚመስል ወፍራም ጥቅል የመጣውን ፕሮግራም ወደ ማሽኑ መገልበጥ ጀመረ። ጥቅሉ ብቻውን እየዞረ አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስለዚህ «አይነካ» የሚል ወረቀት ማሽኑ ላይ ለጥፎ ምሳ ሄደ። የድሬን እኩለ ቀን የነገረው ሰው የለም። እኔም ወረቀቱን አነበብኩ። አልነካሁም። አቧራውን እንኳ በሩቁ ነው የጠረግሁት። ከዚያ ኮሪዶሩ ላይ ወጥቼ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ እጀታውን አወረድኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራቱን መለስኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሰለሞን ከክፍሉ ወጣ፤ ፊቱ ኖራ መስሏል። ማሽኑ ግማሹን ተቀብሎ ግማሹን አላገኘም። እንደገና ልገልብጥ ቢል «አለኝ» ይለዋል፤ ሥራ ቢለው «የለኝም» ይለዋል። «ጭራሽ ባይገባ ቀላል ነበር» አለ ለግምጃ ቤቱ ሹም። «ግማሽ የገባውን አንድ በአንድ፣ የትኛው የትኛውን እንደተደገፈ እያየሁ ማውጣት አለብኝ። ከዚያ በተራቸው መመለስ።»

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ማሽኑን ለማየት ኃላፊዎች ከአዲስ አበባ ሊመጡ ነበር። ጓድ ደምሴ ቢሮውን በሙሉ ኮሪዶሩ ላይ ሰበሰበ።

«ይህ ብልሽት አይደለም» አለ። «ይህ አሻጥር ነው።»

በዚያ ዘመን ያ ቃል ምን ማለት እንደነበር ለዛሬ ልጆች ማስረዳት ይከብደኛል። ሰው በዚያ ቃል ከቤቱ ይወጣና ጫማው ደጃፍ ላይ ይቀራል። እጀታው፣ ስድስት ሰዓት፣ የቆሙት ማራገቢያዎች፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ገባኝ።

ጓድ ደምሴ ወደ ሰለሞን ዞረ። «እስከ ቅዳሜ ካልተነሳ የሁርሶ ማሠልጠኛ ሩቅ አይደለም። የአንተ ዕድሜ ልጆች ጠመንጃ ይዘው ይሠለጥናሉ፤ አንተ እዚህ መነጽር ትወለውላለህ።»

ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። የግምጃ ቤቱ ሹም፣ ጸሐፊዋ፣ ዘበኛው፣ ሁሉም መብራቱ እንደሚጠፋ ያውቃሉ። ሁሉም ወለሉን ያያሉ። ወረቀቱ ከጓድ ደምሴ ራስ በላይ፣ በራሱ ፊርማ ተሰቅሏል። «መብራቱ ጠፍቶ ነው» ማለት «ያጠፋኸው አንተ ነህ» ማለት ነው። እሱም ከኔ በፊት አውቆታል መሰለኝ፤ ዓይኑ ሳጥኑን ዳሰሰ፣ ከዚያ እኔ ላይ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ ሄደ። ዛሬም ድረስ ከሁሉ ይልቅ ያስደነገጠኝ ያ ዓይን ነው።

ሦስት ቀን ዝም አልኩ። እናቴ የምታቀርብልኝ ቁቲ፣ ያ የቡና ቅጠል በወተት፣ ሳልቀምሰው ይበርድ ነበር። ማታ ማታ የምለውን እለማመዳለሁ፤ ጠዋት ሰለሞንን ሳየው ሻሼን ወደ አፌ እስባለሁ። እሱ ለምሳ እንኳ አልወጣም። በሰባራ እርሳስ ከወረቀት ላይ የፕሮግራሞቹን ስም አንድ በአንድ እየሰረዘ ያወጣል፣ ይመልሳል፣ ይሳሳታል፣ እንደገና ያወጣል። በእኩለ ቀን መብራት ሳጠፋ ግን አንድም ቀን «ተይ» አላለኝም፤ ማሽኑን ራሱ አስቀድሞ ያጠፋውና ወረቀቱን ይዞ መስኮት ሥር ይቀመጣል።

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ማሽኑን ከግማሹ ሁሉ አጽድቶ ጥቅሉን እንደ አዲስ አስጀመረው። አምስት ሰዓት ላይ ማለቅ ነበረበት። አራት ሰዓት ሲሆን ግን አንድ ተራ ተዛንፎ ኖሮ ቆመ። አስተካክሎ ከመጀመሪያው ጀመረው። ስድስት ሰዓት ደረሰ። ወንዶቹ ለጁምዓ ወጡ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ኮሪዶሩ ላይ እኔና እጀታው ቀረን።

እጄን አነሳሁ። እጀታው እንደ ምጣድ ይፋጃል። ካወረድኩት ልጁ ሁርሶ ነው፤ ካላወረድኩት የተፈረመ ትዕዛዝ ጣስኩ። እጄን መለስኩና ጀርባዬን ለሳጥኑ ሰጥቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ሰለሞን እየሮጠ ከክፍሉ ወጣ፤ ሲያየኝ ቆመ።

«ልለምንሽ ነበር የመጣሁት» አለ።

«ታውቃለህ?»

«ከማክሰኞ ጀምሮ። ማሽኑ ያቆመበትን ደቂቃ ይጽፋል። ስድስት ሰዓት ከአራት ይላል።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ። «ስም ይጠይቁኛላ።»

ሦስት ቀን ሙሉ እኔ ለራሴ ፈርቼ ዝም ስል፣ እሱ ስለ እኔ ዝም ብሎ ኖሯል። «ሂድ፣ ሥራህን ሥራ» አልኩት፤ እንደዚያ ጠንከር ብዬ ለወንድ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ የጓድ ደምሴ ጫማ ደረጃው ላይ ተሰማ።

«መብራቱ ለምን አልጠፋም?»

ተነሳሁ። ሻሼ አንገቴ ላይ ነበር፤ አልነካሁትም። «ማክሰኞ ዕለት ማሽኑ ሲሠራ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ትዕዛዙን የፈረምከው አንተ ነህ። ዛሬ አላጠፋም» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን አልፎኝ ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ ገነጠለ፤ በአራት አጠፈውና ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«የምን ትዕዛዝ?» አለ።

ግድግዳው ላይ አራት የሙጫ ነጠብጣቦች ብቻ ቀሩ። አሁን ያለ ማንም ትዕዛዝ መብራት ያጠፋሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያን ጊዜ ሰለሞን በሩ ላይ ቆሞ፣ «ጓድ፣ ወረቀቱን እኔም አንብቤዋለሁ» አለ፤ ረጋ ብሎ፣ እንደ ሰላምታ። ጓድ ደምሴ ሁለታችንንም አየን፤ ኪሱን በመዳፉ ሸፈነና ወረደ።

ማሽኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ተነሳ። ቅዳሜ ኃላፊዎቹ አጨበጨቡ። አሻጥር የሚለውን ቃል ያነሳው የለም፤ ጓድ ደምሴ ስለ ጓዶች ትጋት ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። እሑድ ሰለሞን በባቡር ሄደ። ሰኞ እኔ ከቢሮ ወደ ሳሙና ማፍያው ተዛወርኩ። ምክንያቱን የነገረኝ የለም። መንግሥት እስኪለወጥ ድረስ እዚያው እንፋሎት ውስጥ ቆየሁ፤ የጥፍሮቼ ጠርዝ እስከ ዛሬ የተበላው በዚያ ነው። ዘበኛው ሲያልፍ፣ «ፋጤ፣ አፍሽን ማን ፈታው አቦ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እሱም ያን ዕለት ወለሉን ሲያይ ነበርና አልመለስኩለትም።

ጓዳ ውስጥ ባለቤቴ ገና፣ «ዋላሂ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም!» እያለ ይምላል።

«ተይው» አልኳት ነጃትን። «እኔ ነኝ። ሞቆኝ ነቀልኩት።»

ዞር ብላ አየችኝ፤ ሳቅና ንዴት ተቀላቀለባት። «አንቺ ደግሞ! በቃ እሺ፣ ይስተካከላል» ብላ ግማሽ የቀረውን እንዲጨርስ የሚያዝ አንድ መስመር ጻፈች። ፊደሎቹ መውረድ ጀመሩ። ሰለሞን ሦስት ቀን የለፋበትን አንድ መስመር! ተደነቅሁ፤ ትንሽም ቅር አለኝ።

ማራገቢያው ቆሟል። ላቡ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ወንበሬን ስቤ፣ ጀርባዬን ለሶኬቱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?» አለችኝ።

«እስኪጨርስ» አልኳት።