በመስኮቱ በኩል ያለችው ወንበር

ሰውየው የሚመጣው በምሳ ሰዓት፣ የንባብ ክፍሉ ጭር ሲል ነው። ክርኑ ላይ የነተበ ኮቱን ይቆልፍና ወንበሮቹን እየጎተተ ክብ ይሠራል። በመስኮቱ በኩል የምትሆነውን ግን አይጎትታትም፤ በሁለት እጁ አንስቶ ቀስ አድርጎ ያስቀምጣታል።

የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጀመሪያ ስታየው ነካ ያደረገው መስሏት ነበር። ኋላ ነው ለቢዝነስ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና የቡድን ውይይት እንደሚለማመድ የነገራት። ፈታኞቹ የሚወዱት ብዙ ያወራውን ሳይሆን ዝም ላለው ዕድል የሰጠውን ነው አላት።

እናም ባዶ ወንበሮቹን ያወያያል። አንዱን «ልክ ነህ፣ ግን ገበያው አይጠብቀንም» ይለዋል፤ ሌላውን እየሳቀ ያቋርጠዋል። ወደ መስኮቱ ሲዞር ድምፁ ይለሰልሳል። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይልና ይጠብቃል። አይኑን ሳይነቅል ይጠብቃል።

ዛሬ ሠራተኛዋ አላስቻላትም። «ወንድሜ፣ ነገ ፈተናው ላይ እንዲህ ብትጠብቅ እኮ ሌሎቹ አውርተው ይጨርሱታል» አለችው።

«አውቃለሁ እህቴ። ባለቤቴም ለትምህርት ቤቱ አመልክታ ነበር፤ አብረን ነበር የምንለማመደው። ከታመመች በኋላ ቃል እየጠፋባት፣ አንድ ነገር ለመናገር ብዙ ትቆይ ነበር። ሐሳቧን ሳትጨርስ ነው ያመለጠችኝ።» ኮቱን አስተካከለ። «ነገ አልጠብቃትም። ዛሬ ግን ትጨርስ።»

ሠራተኛዋ በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። ከምሳ የተመለሱት አንባቢዎች ደጅ ተሰብስበዋል። ከውስጥ ምንም አይሰማም።

«ትንሽ ታገሱ» አለቻቸው። «ሰው እየተናገረ ነው።»