በሩ ላይ የቆመው

መልአኩ ቀይ ማልያ ነበር የለበሰው። ያውም ያረጀ፣ ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ተላልጦ ግማሹ ብቻ የቀረ። ነጭ ልብስ አልነበረም፤ ብርሃንም አልነበረም። ተስፋነሽ ይህን በሚገባ ታውቃለች፤ በቆርቆሮው በር ቀዳዳ በገዛ ዐይኗ አይታዋለች። ስለዚህ በዚያ እሑድ የቸርቿ ሽማግሌ ጋሽ ታመነ መድረክ ላይ ወጥተው «ወገኖቼ፣ ነጭ የለበሰ የጌታ መልአክ በራችን ላይ ቆሞ ነበር!» ሲሉ፣ ጉባኤውም «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ግልብጥ ብሎ ሲነሣ፣ እሷ ብቻ ከኳየሩ መሃል ተቀምጣ ቀረች። እግሯን አሟት አይደለም። ንዴት ነው ያስቀመጣት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም 2009 መጨረሻ ላይ፣ በእሬቻ በዓል ያለቀው ሰው ሐዘን ገና ሳይበርድ፣ ሰበታና ዓለም ገና በጭስ ታፈኑ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላን ነገር ከተነሣ ጀምሮ ታምቆ የኖረው ቁጣ ገንፍሎ ወጣ። ፋብሪካዎች ተቃጠሉ፣ መኪናዎች ተቃጠሉ፣ የጅማ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ። ከደቡብ መጥተው በፋብሪካና በግንባታ የሚሠሩት ሰዎች የሚሸሹበት ዘመድ በአካባቢው ስለሌላቸው ወደሚያውቁት አንድ ቤት ሮጡ፣ ወደ ቸርቻቸው። ቸርች የሚሉትም ቀድሞ የእህል መጋዘን የነበረ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው።

ጋሽ ታመነ መስኮቶቹን አዘግተው ሁሉም ወለሉ ላይ ተደፍቶ እንዲጸልይ አደረጉ። ተስፋነሽ ግን በሩ አላስተማመናትም። አግዳሚ ወንበሮች ጎትታ አስደገፈችበትና በትከሻዋ ገፍታ ያዘችው። ጩኸቱ ሲቀርብ በቀዳዳው አጮለቀች። የአከራይዋ ልጅ ዳኜ ባጃጁን በሩ ላይ አግድም አቁሞ፣ አንድ እግሩን ባጃጁ ላይ ሰቅሎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ቆሟል።

«ኢጆሌ! ኩን መነ ዋቃ ቲ!» ይላል እየጮኸ። «ልጆች፣ ይህ የእግዚአብሔር ቤት ነው! ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ናቸው፣ እንደ እኛው ድሆች! እነሱን ከመንካታችሁ በፊት እኔን ግደሉኝ!»

አንድ ድንጋይ መጥቶ ትከሻው ላይ አረፈ። ንቅንቅ አላለም። ከፊት የነበሩት ያውቁት ኖሮ ስሙን ጠርተው ተከራከሩት፣ ሰደቡት፣ በመጨረሻም ትተውት ወደ አስፋልቱ ዞሩ።

ውስጥ ያሉት ዐይናቸውን ጨፍነው በጩኸት እየጸለዩ ነበርና ይህን አላዩም። ሁከቱ መጣ፣ አንድ ድምፅ ጮኸ፣ ሁከቱ ሄደ። የጎደለውን ራሳቸው ሞሉት። አንዲት እህት «ነጭ ነገር አየሁ» አለች፤ ጋሽ ታመነ ደግሞ ነጩን ነገር ልብስ አደረጉት። በእርግጥ ከሞት አፋፍ የተመለሰ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተስፋነሽም በማንም አልፈረደችም፤ ንዴቷም ከአምልኮ በኋላ እውነቱን ስነግራቸው ሁሉም ይስቃል ብላ የምታልፈው ያህል ብቻ ነበር። ጋሽ ታመነን በሩ ላይ ጠብቃ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው «ጌታ ይባርክሽ» አሏትና ሄዱ።

ተስፋነሽ ጠብ የምትፈልግ ሴት አይደለችም፤ ቶሎ መጋሏ ነው እንጂ። ያደገችው ወላይታ ውስጥ ከቦዲቲ ወጣ ባለ ገጠር ነው። እናቷ ለታመመች ጎረቤት ከጸለየች በኋላ «አሜን» ያለ አፏ ሳይዘጋ እንስራዋን አንሥታ ውሃ ልትቀዳላት ትወጣ ነበር። ልጅቷ ተስፋነሽ ጸሎቱና ውሃው አንድ ነገር ይመስሏት ነበር። አድጋ ሰበታ ስትመጣም ይህ ሐሳብ አልለቀቃትም። ፋብሪካ ውስጥ ያረፈደች ጓደኛዋ የሰዓት ካርድ ምቺልኝ ብትላት አትመታም፤ ውሸት ነዋ። ግን አለቃው ፊት ቀርባ «ልጇ ታሞባት ነው፣ ደመወዝ ቢቆርጡባት ግፍ ነው» ብላ አፍ አውጥታ ትከራከርላታለች። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ እምነት ይለዋል። ለእሷ ሁለቱ አይነጣጠሉም።

የምትሠራበት ፋብሪካ የቆመው በእነ አዴ አያንቱ የጤፍ ማሳ ላይ ነው። አዴ አያንቱ የዳኜ እናት ናቸው፤ ተስፋነሽ ግቢያቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ለማሳው በካሳ ስም የተሰጣቸው ገንዘብ አንድ አሮጌ ባጃጅ ሆኖ ቀረ። ባልየው በብስጭት ሞቱ። አዴ አያንቱ ግን ጠዋት ጠዋት ወደዚያው ፋብሪካ የምትሄደውን ልጅ አንድ ቀን ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም። «ኢንታላ ኮ» ነው የሚሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ዳኜ በ2008ቱ ሰልፍ ወጥቷል፣ ማስተር ፕላኑ የተረፈችንን ጓሮ ሊወስድ ነው ብሎ ጮኋል። ለምን አይጮህ? የተወሰደው የአባቱ መሬት ነው፤ የሚወሰደውም የእናቱ ጓሮ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን ፖሊሶች ዳኜን ከቤቱ ወሰዱት። ማስረጃው በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ነው። ሕዝቡ ከፊቱ፣ እሱ እግሩን ባጃጅ ላይ ሰቅሎ፣ እጁ ተዘርግቶ ይታያል። የሚለው አይሰማም። «የአመፁ መሪ» ተባለ። ከሌሎች እስረኞች ጋር ሰኞ በመኪና ተጭኖ ሩቅ ካምፕ እንደሚወሰድም ተሰማ።

አዴ አያንቱ የተስፋነሽን በር አንኳኩ። ዐይናቸው አብጧል። «ኢንታላ ኮ፣ አንቺ አይተሻል። ሰዎችሽም እዚያው ነበሩ። ሄዳችሁ ተናገሩልኝ» አሏት።

ተስፋነሽ በዚያው እግሯ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው በትዕግሥት ሰማትና «የቸርቻችሁን ሽማግሌ ጠይቀናል። በሩ ላይ ማንም አልነበረም ብለዋል። አንቺ ደግሞ የእናቱ ተከራይ ነሽ። ሌላ ያየ፣ የሰማ ሰው ካለ አምጪ» ብሎ ሸኛት።

ጋሽ ታመነን ቤታቸው ሄዳ አገኘቻቸው። ፍትሐዊ እንሁንና፣ ጋሽ ታመነ ክፉ ሰው አይደሉም። ከሆሳዕና በባዶ እጃቸው መጥተው፣ ግንባታ ላይ ሲሚንቶ ሲሸከሙ ኖረው፣ ያችን አዳራሽ በላባቸው ያቆሙ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው አለመሆናቸው ነው ደግሞ ተስፋነሽን ይበልጥ ያቃጠላት።

«ጋሽ ታመነ፣ ለምን ማንም አልነበረም አሉ?»

«ማንንም አላየሁማ፣ ልጄ። ዐይኔን ጨፍኜ ነበር።»

«ነግሬዎት ነበር እኮ! ዳኜ ነው ብዬዎት ነበር!»

«እግዚአብሔር በፈለገው ሰው ይጠቀማል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ልጁ ጌታን አልተቀበለም፣ ሰልፍም ወጥቷል። ነገሩ ፖለቲካ ነው። እኛ ደግሞ እዚህ አገር እንግዶች ነን። ነገ መንግሥት በክፉ ዐይኑ ቢያየን ማን አለን? እንጸልይበት።»

«ሰኞ ሊወስዱት ነው!»

«ጾም ጸሎት እናውጃለን።»

«ምን ብለን ነው የምንጸልየው? እኛ አፋችንን እንያዝ፣ አንተ ተናገርለት ብለን?»

ጋሽ ታመነ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ «ጌታ ይባርክሽ» አሏት፤ ይቺ ደግሞ ውጪልኝ ማለት ናት።

እንጸልይበት! እምቢ ለማለት ወኔ ላጣ ሰው እንዴት ያለች ምቹ ቃል ናት! እምቢ ያለ ሰው ቢያንስ ይታወቃል፣ ይወቀሳል። እንጸልይበት ያለውን ሰው ግን ማን ደፍሮ ይናገረዋል? ተስፋነሽ እየተቃጠለች ወደ ቤቷ ገባች። በዚያ ሳምንት ምሳ ሳትበላ ጾመች፤ ጾሙን አልናቀችውምና። ግን በየምሳ ሰዓቱ ስታስበው የሚመጣባት የእናቷ እንስራ ነበር።

እሑድ ደረሰ። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሰባኪ መጥቷል፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። ጋሽ ታመነ ለእንግዳው ክብር ምስክርነቱን እንደገና አነሡ። በዚህ ጊዜ መልአኩ ሰይፍ ይዟል። ጉባኤው ተነሥቶ ሲያጨበጭብ ተስፋነሽም ተነሣች፤ የኳየሩን ማይክ ከማቆሚያው ነቀለችው።

«ወገኖቼ፣ መልአክ አልነበረም» አለች። «የአዴ አያንቱ ልጅ ዳኜ ነው። ባጃጁን በራችን ላይ አቁሞ፣ ድንጋይ በትከሻው ተቀብሎ ነው ያዳነን። አሁን ታስሯል፣ ነገ ይጭኑታል። የታሰረው እዚህ በር ላይ ስለቆመ ነው!»

ጋሽ ታመነ ለኪቦርድ ተጫዋቹ ምልክት ሰጡ፤ እሱም ቀስ ብሎ መዝሙር ጀመረ። የማይኩም ድምፅ ጠፋ። ለካ ሰውን በመዝሙርም ዝም ማሰኘት ይቻላል! ተስፋነሽ ማይኩን አስቀምጣ በኳየር ድምፅዋ ጮኸች።

«አላየሁም የምትሉ እሺ፣ አላያችሁም። ግን ሁላችሁም ሰምታችኋል! መነ ዋቃ የሚለውን ድምፅ ያልሰማ እጁን ያውጣ! መልአክ በኦሮምኛ ነበር እንዴ ሲጮህ የነበረው? እኔ አሁን ጣቢያ እሄዳለሁ። የሰማችሁትን ሰማን ለማለት የምትፈሩ ከሆነ፣ ቢያንስ ሃሌ ሉያውን ተዉት!»

ወጣች። የኳየር ጋወኗን እንኳ አላወለቀችም። ግቢውን ስታልፍ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች፤ ከፋብሪካው ማሸጊያ ክፍል የሚያውቋት ሁለት ሴቶች ናቸው፣ ያንን ድምፅ እሷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተኝተው የሰሙ። ከዚያ ሁሉ ሰው ሁለት።

ከቸርቹ ፊት ለፊት ሀሰኖ ሱቅ አለው። ስኳር እየመዘነ ሳለ ጋወን ለብሳ ስትከንፍ አያትና «ተስፋነሽ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አላት።

«ጣቢያ! ለዳኜ ልመሰክር።»

ሀሰኖ ሚዛኑን አስቀመጠ። «እኔም አይቻለሁ» አለ ሳያያት። «ያን ቀን በሬን ገርበብ አድርጌ ሁሉንም አይቻለሁ። ብናገር አንደኛው ወገን ሱቄን ያቃጥለዋል፣ ሌላው ያሽገዋል ብዬ ፈራሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳምንቱን ሙሉ እናቱን እያየሁ ዘይት ስሸጥላቸው ነው የከረምኩት።» ደንበኞቹን ይቅርታ ጠይቆ አስወጣ፣ በሩን ዘጋ፣ ቆልፎ ተከተላት።

መርማሪው የአራቱንም ቃል ተቀበለ። ሀሰኖን ደጋግሞ ጠየቀው፤ ሀሰኖም የባጃጁን አቋቋም፣ የተወረወረውን ድንጋይ፣ የተባለውን ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ፤ ኦሮምኛውን ከማንም በላይ ያውቀዋልና። ዋስም ሆነ። ሰኞ መኪናው ሲነሣ ዳኜ አልተጫነም። ሌሎቹ ተጫኑ፤ ከመሃላቸው ስንቱ እንደ እሱ ተናጋሪ ያጣ ንጹሕ እንደነበረ የሚያውቅ የለም። ይህን ሳስብ እኔም እንደ ተስፋነሽ ደሜ ይፈላል።

ዳኜ ከተፈታ በኋላ ጋሽ ታመነ ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ሙዝና ጁስ ይዘው ሊጠይቁት መጡ። ልጁ ፍራሽ ላይ ጋደም ብሏል፤ ጎኑን ተመትቷል፣ ሲተነፍስ ያመዋል። ተስፋነሽ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ተቀምጣለች። አዴ አያንቱ እንግዶቹን በወግ ተቀበሉ፣ ወተት አቀረቡ።

ጋሽ ታመነ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዳኜ፣ ስንጾም ስንጸልይልህ ነበር። ጌታ ሰማን፣ አወጣህ። እሑድ መጥተህ ጉባኤው ፊት ቆመህ ብታመሰግን፣ ለብዙዎች በረከት ይሆን ነበር።»

ተስፋነሽ አፏን ልትከፍት ስትል አዴ አያንቱ ጉልበቷን ጨበጥ አደረጉ።

ዳኜ ጎኑን ይዞ ቀና አለ። «ጋሽ ታመነ፣ ያን ቀን በሩ ላይ ሆኜ ድምፅዎን እሰማ ነበር። ‹ጌታ ሆይ፣ ሰው ላክልን! ሰው ላክልን!› ይሉ ነበር።»

«አዎ ልጄ! እንዲያ ነበር የምለው!» አሉ ጋሽ ታመነ፣ ፊታቸው በርቶ። «መለሰልን!»

«እኔም ጣቢያ ሆኜ እሱኑ ነበር የምለው» አለ ዳኜ።

ጋሽ ታመነ ወተቱን ሳይጠጡ መሬት ላይ አስቀመጡት። ስለ እሑዱ ነገር ድጋሚ አላነሡም።