የኮረብታው ገዳም ጉርሻ

ባለፈው እሑድ ልጄ ሳራ ከአሌክሳንድሪያ መጥታ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ አጠገብ ካለው ምግብ ቤት ምሳ ጋበዘችኝ። እጄ ከአምና ወዲህ ይንቀጠቀጣል። የጠቀለልኩት ሽሮ አፌ ሳይደርስ ሸሚዜ ላይ ቀረ።

«ዳዲ፣ ስፑን ላስመጣልህ?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሐሳቤ ግን ነጉዶ አንድ የጀርመን ኮረብታ ላይ፣ ከሽማግሌው መነኩሴ ከአባ ኮንራድ ጎን ተቀምጧል።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ከጓደኛዬ ከጌታቸው ጋር ከአገር ወጥተን የአሜሪካ ቪዛ ስንጠብቅ፣ የኮረብታው መነኮሳት እስከ ወሩ መጨረሻ በእንግዳ ቤታቸው አስጠጉን። ከዚያ በኋላ የት እንደምንወድቅ አናውቅም፤ አበምኔቱ ገና አልወሰኑም፣ ብርዱ ደግሞ ደጃፍ ደርሷል። ጠዋት በገዳሙ አትክልት ቦታ ፖም እንለቅማለን። ጭጋጉ ሲገለጥ ከበታቻችን ወንዙና መንደሩ ይታያሉ። ከሰዓት በኋላ ማገዶ እንፈልጣለን። ጀርመንኛ የሚያውቀው ጌታቸው ነው፤ እኔን ደግሞ ያውቀኛል፣ ሰው ሳላጎርስ አልበላም። «አደራህን፣ እዚህ ቤት እጅህን ሰብስብ» ይለኝ ነበር።

ያስቸገረኝ ምሳው ነው። እዚያ ገበታ ላይ አይወራም። ሁሉም አቀርቅሮ ይበላል፣ አንድ መነኩሴ ብቻ አትሮኖስ ፊት ቆሞ የገዳሙን ታሪክ ያነባል። እኛ ቤት ዝም ብሎ የሚበላ የተኳረፈ ሰው ነው! የተነበበውን ጌታቸው ማገዶ ስንፈልጥ ይተረጉምልኛል። ኮረብታው መጀመሪያ የመስፍን ምሽግ ነበር፤ መስፍኑ ልጁ ሲሞትበት ለመነኮሳት ሰጠው። ያመፁ ገበሬዎች አቃጠሉት፣ መነኮሳቱ ተመልሰው ሠሩት። ኋላ አንድ ንጉሥ አባሯቸው ቤተ ክርስቲያኑ የፈረስ ጋጣ ሆነ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ተመለሱ።

«እነዚህ ሰዎች መመለስ አይሰለቻቸውም» አለ ጌታቸው ፍልጡን እየከመረ። እኛም አገር ገዳም ተራራ ላይ ይተከላል፣ ይቃጠላል፣ ይሠራል። ታሪኩ እንግዳ አልሆነብኝም።

መጽሐፉን የጻፉት ገበታ ላይ ከጎኔ የሚቀመጡት አባ ኮንራድ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱበት ሥራ ነው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የምስር ሾርባውን በማንኪያ ያነሱታል፣ አፋቸው ሲደርስ ማንኪያው ባዶ ነው። እንዳያፍሩ ብሎ ማንም ወደ እሳቸው አያይም፤ የቤቱ ጨዋነት እንደዚያ ነው። እኔ ግን አንጀቴ አልቻለልኝም። አንድ ቀን ንባቡ ፈረሶቹ ዘንድ ሲደርስ ዳቦዬን ቆርሼ ሾርባው ውስጥ ነከርኩና «በሞቴ!» ብዬ አጎረስኳቸው።

አንባቢው ቆመ። ማንኪያው ሁሉ ቆመ። ጌታቸው ዓይኑን ጨፈነ፤ ማደሪያችን በኖ ሲሄድ የታየው ይመስለኛል። አባ ኮንራድ ቀስ ብለው አኝከው ዋጡ። ከዚያ እንደ ወፍ ጫጩት አፋቸውን ደግመው ከፈቱ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ፣ ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። አንባቢውም ቀጠለ።

ከምሳ በኋላ አበምኔቱ አስጠሩን። ጌታቸው ይቅርታውን መደርደር ሲጀምር በእጃቸው አስቆሙት።

«አባ ኮንራድን በዚህ ሳምንት ወደ ሕሙማን ክፍል ላዛውራቸው ነበር» አሉ። «ሳይበሉ እየተነሱ ከስተዋል። እዚያ ደግሞ ንባቡ አይሰማም። እሳቸው የሚለምኑኝ መጽሐፋቸው ተነብቦ ሲያልቅ መስማትን ብቻ ነው።»

ወደ እኔ ዞሩ። «ንባቡ እስከ ፋሲካ ይዘልቃል። እስከዚያ ሁለታችሁም እዚህ ናችሁ። ያንተ ቦታ ከእሳቸው ጎን ነው።»

ጌታቸው ትከሻዬን ይዞ ተረጎመልኝ። እኔም ደስታዬ አስለቀሰኝ።

የበረዶውን ወራት ሁሉ የዚያን ገዳም ታሪክ ከምስርና ከዳቦ ጋር ሰማሁት። የመጨረሻው ገጽ የተነበበ ዕለት አባ ኮንራድ ቁራሽ ዳቦ ነክረው በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ወደ አፌ ሰደዱ። ግማሹ ጉልበቴ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹን ጎረስኩ። ቪዛችን የደረሰው ከዚያ በኋላ ነው።

ማጉረስን ከእናቴ ተምሬያለሁ። መጉረስን ያስተማሩኝ ግን አባ ኮንራድ ናቸው፤ ሰው ሁሉ እያየ፣ በገዛ ገበታቸው፣ አፋቸውን ደግመው በመክፈት። ትምህርቱ የሚያስፈልገኝ ባለፈው እሑድ እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር።

«ስፑኑ ይቅር» አልኳት ሳራን። «አንቺው አጉርሺኝ።»

ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

«ኦኬ፣ ዳዲ?»

«አንድማ ያጣላል» አልኩና አፌን ከፈትኩ።