የአጎቴ አውራ ጣት

አጎቴ መካኒክ ነበሩ፤ «ተሠርቷል» ቢሏቸው ብሎኑን በጣታቸው ሳይዳስሱ አያምኑም።

እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ወልድያ በምማርበት የልዩ ፍላጎት ክፍል አንዲት የብሬል መጻፊያ ማሽን ነበረችን። አጎቴ ግን ከቁም ሳጥን የምትወጣው ከወረዳ ገምጋሚ ሲመጣ ብቻ ነው ብለው ይጠረጥሩ ነበር። ከትምህርት ቤት ተመልሼ «ዛሬ ጽፈናል፣ ጋሼ» ስላቸው፣ «እስቲ ወረቀቱን አምጪው» ይሉና ነጥቦቹን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ። ብሬል ማንበብ አይችሉም። ባዶ እጄን የገባሁ እንደሆነ በማግስቱ ርዕሰ መምህሩ ደጃፍ ቆመው፣ «ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?» ይላሉ። ያን ቀን ማሽኗ ትወጣለች።

አጎቴ አርፈው አርባቸው ሳይወጣ ቁልፉ ጠፋ ተባልን። እኔም እንደሳቸው አላመንኩም። ባዶ እጄን ቤት እገባለሁ፤ ወረቀቱን አምጪው የሚለኝ ግን የለም።